ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ክፍሎች፦ የአማተር ሬዲዮ መቀበያን በቤት ውስጥ መገጣጠም

የቆየ ትራንዚስተር ሬዲዮ ከፍቶ የተመለከተ ተማሪ ውስጡን ያስታውሰዋል። ሬዚስተሮቹ ባለ ቀለም ቀለበት፣ ካፓሲተሮቹ በርሜል መሰል፣ ሁሉም ረዣዥም እግሮች ያሏቸው፣ እግሮቻቸውም በሰሌዳው ቀዳዳዎች አልፈው ከጀርባ የተበየዱ ናቸው። የዛሬን የእጅ ስልክ የከፈተ ሰው ግን ቀዳዳም ሆነ ረጅም እግር አያገኝም። ክፍሎቹ በሰሌዳው ገጽ ላይ እንደ ተበተነ አሸዋ ተለጥፈው ይታያሉ። እነዚህ በተለምዶ «ሰርፌስ ማውንት» የሚባሉት ናቸው፤ በዚህ ጽሑፍ «ገጽ-ተበያጅ» እያልን እንጠራቸዋለን።

ብዙ ተማሪዎች ይህን ሲያዩ «ይህ የፋብሪካ ማሽን ሥራ ነው፤ በእጅ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክስ ዘመኑ አልፏል» ብለው ይደመድማሉ። ድምዳሜው የተሳሳተ መሆኑን በአንድ የአማተር ሬዲዮ መቀበያ ኪት አማካይነት ለማሳየት እንሞክራለን። ጥቃቅን ክፍሎችን በመበየድ ረገድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ጣት ሳይሆን ፊዚክስ ነው። የሠሪው ድርሻ ለፊዚክሱ መንገድ መጥረግና በየደረጃው የተሠራውን መለካት ነው። ሁለተኛውን የዘነጋ ሰው ምን እንደሚገጥመው ከራሴ ልምድ አቀርባለሁ።

የኪቱ አሠራር

የመረጥነው ኪት «ሶፍትሮክ» በሚል ስም በ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ለአማተር ሬዲዮ ወዳጆች መሸጥ የጀመረው ቤተሰብ አባል ነው። ዲያግራሙ በይፋ የታወቀ ሲሆን፣ መርሁ ዛሬ በሚሸጡ በርካታ ኪቶች ውስጥ ይገኛል። የ40 ሜትር ባንድ ሞዴሉ የሚከተለውን ይሠራል።

አንድ የኳርትዝ ክሪስታል በ28.224 ሜጋኸርዝ ይርገበገባል። ሁለት ፍሊፕ ፍሎፖችን የያዘ ባለ 14 እግር አይሲ ይህን ድግግሞሽ ለአራት አካፍሎ 7.056 ሜጋኸርዝ ያደርገዋል። ከዚያም ባለ 16 እግር የሆነ የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከአንቴና የሚመጣውን ሲግናል በእያንዳንዱ ዑደት አራት ጊዜ፣ በየ35 ናኖሰከንዱ ገደማ፣ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ያዞረዋል። አንደኛውና ሦስተኛው ቅጽበት አንደኛውን መሥመር፣ ሁለተኛውና አራተኛው ቅጽበት ሁለተኛውን መሥመር ይመግባሉ። ከዚህ የሚወጣው ሲግናል እጅግ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ስለሆነ በድምፅ ማጉያ አይሲ ጎልቶ ወደ ኮምፒዩተር የድምፅ ካርድ ይገባል። የቀረውን የሚሠራው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። የድምፅ ካርዱ በሰከንድ 96,000 ናሙና የሚወስድ ከሆነ ከ7.008 እስከ 7.104 ሜጋኸርዝ ያለው የባንዱ ክፍል በሙሉ በአንድ ጊዜ በስክሪኑ ላይ ይዘረጋል።

ሁለት መሥመር ለምን አስፈለገ? የሚሽከረከር የብስክሌት ጎማ እናስብ። በአንደኛው ሽቦው ላይ ኳስ ብናስርና ከጎን ብርሃን አብርተን የኳሱን ጥላ በግድግዳ ላይ ብቻ ብንመለከት፣ ጥላው ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ እናያለን። ጎማው ወደ ቀኝ ይዙር ወደ ግራ ግን ልናውቅ አንችልም። ከላይም አብርተን በወለሉ ላይ የሚወድቀውን ሁለተኛ ጥላ ካየን፣ የትኛው እንደሚቀድም አይተን አቅጣጫውን እንለያለን። በሬዲዮውም እንዲሁ ነው። ከ7.056 በ18 ኪሎኸርዝ ከፍ ያለ ጣቢያና በ18 ኪሎኸርዝ ዝቅ ያለ ጣቢያ በአንድ መሥመር ብቻ ሲታዩ አንድ ዓይነት 18 ኪሎኸርዝ ድምፅ ይሆናሉ። በሩብ ዑደት የተለያዩ ሁለት መሥመሮች ሲኖሩ ግን ፕሮግራሙ ይለያቸዋል። ይህን ነጥብ አንባቢ በአእምሮው ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ኪቱ መቀበያ ብቻ ስለሆነ ሞገድ አያሰራጭም። ማሠራጨት የፈለገ ሰው የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የአማተር ሬዲዮ ክለብ መለያ ጥሪ «ኢቲ 3 ኤኤ» በዓለም አማተሮች ዘንድ የታወቀ ነው።

ቀልጦ የሚሠራው ብረት

በኪቱ ውስጥ ያሉት ገጽ-ተበያጅ ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች 3.2 በ1.6 ሚሊሜትር የሚለኩ፣ የሩዝ ፍሬ ግማሽ የሚያህሉ ናቸው። በእጅ ስልክ ውስጥ ያሉት የጤፍ ፍሬ ስለሚያህሉ ለጀማሪ አይመከሩም። የአይሲዎቹ እግሮች ደግሞ ከአንዱ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 1.27 ሚሊሜትር ይራራቃሉ።

በጥገና ቤቶች «ሊድ» እየተባለ የሚጠራው መበየጃ በአብዛኛው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ነው። 63 ከመቶ ቆርቆሮና 37 ከመቶ እርሳስ የሆነው ቅይጥ አንድ ልዩ ባሕርይ አለው፤ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ጊዜ ከጠጣር ወደ ፈሳሽ፣ ከፈሳሽም ወደ ጠጣር ይለወጣል። በሌላ መጠን የተቀየጠው ግን እየቀዘቀዘ ሳለ እንደ ገንፎ የሚሆንበት ጊዜ አለው። ክፍሉ በዚያች ቅጽበት ትንሽ ከተነቃነቀ ብየዳው ውስጡ ይሰነጠቃል። እርሳስ የሌለባቸው ቅይጦች በ217 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ይጀምራሉ፤ ለጤና የተሻሉ ቢሆኑም ለመጀመሪያ ልምምድ ያስቸግራሉ።

ቀልጦ ያለ መበየጃ የገጽ ውጥረቱ ከውኃ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው፤ በሜትር 0.4 ኒውተን ያህል ይደርሳል። እስቲ እናስላው። ባለ 3.2 ሚሊሜትሩ ሬዚስተር ክብደቱ 10 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ይህም ማለት መሬት የምትስበው በ0.0001 ኒውተን ኃይል ነው። የሬዚስተሩ ጫፍ 1.6 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው የቀለጠው መበየጃ በዚያ ጠርዝ ላይ የሚያሳርፈው ጉተታ 0.4 ሲባዛ በ0.0016፣ 0.00064 ኒውተን ይሆናል። ከክብደቱ ስድስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ክፍሉን ወደ መዳብ ንጣፉ መሐል ስቦ የሚያስተካክለው ይህ ኃይል ነው። ጀማሪን የሚያናድደው፣ ማለትም ሬዚስተሩ ከሰሌዳው ተነሥቶ ከመበየጃው ብረት ጫፍ ጋር ተለጥፎ መምጣቱም የዚሁ ኃይል ሥራ ነው። ፋብሪካ ውስጥ አንዱ ጫፍ ከሌላው ቀድሞ ከቀለጠ ክፍሉ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ኃይሉ የሚጠቅመን ግን መበየጃው መዳቡን ሲያረጥብ ብቻ ነው። ኦክሳይድ የለበሰ መዳብ ላይ የቀለጠ መበየጃ ዘይት በተቀባ ሳህን ላይ እንዳለ የውኃ ጠብታ ተድቦልቡሎ ይቀራል። ኦክሳይዱን የሚያስወግደው ፍላክስ ነው። የተለመደው ፍላክስ ከጥድ ዛፍ ሙጫ የሚሠራ ሲሆን ሲሞቅ ኦክሳይዱን ያሟሟል። ስለ ገጽ-ተበያጅ ብየዳ አንድ ምክር ብቻ ስጥ ብባል «ፍላክስ አትቆጥቡ» እላለሁ። ጭሱ ግን ዓይንና ሳንባን ያስቆጣል፤ አስም ያለበት ሰው በተለይ ሊጠነቀቅ ይገባል። መስኮት መክፈት፣ ጭሱን ወደ ጎን የሚገፋ ትንሽ ማራገቢያ ማድረግ፣ ከሥራ በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ የግድ ነው፤ እርሳሱ ወደ ሰውነት የሚገባው በአብዛኛው በእጅ በኩል ወደ አፍ ነውና።

ጠረጴዛው

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ ሙቀቱ የሚስተካከል ቀጭን ጫፍ ያለው የመበየጃ ብረት፣ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መበየጃ፣ ፍላክስ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ወረንጦ፣ አጉሊ መነጽር፣ ትርፍ መበየጃ የሚመጥ የመዳብ ሹሩባ እና መልቲሜትር። ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይበቃል። ሙቀቱን የማይቆጣጠር ርካሽ ብረት ከዚህ በላይ ስለሚግል የመዳቡን ንጣፍ ከሰሌዳው ያላቅቃል፤ የተላቀቀ ንጣፍ ደግሞ በቀላሉ አይጠገንም።

በጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ማንጠፍ ጥሩ ነው። ወረንጦ ሲጨበጥ ክፍሉ እንደ ፌንጣ ተፈናጥሮ ይጠፋል፤ በነጭ ጨርቅ ላይ ግን ይገኛል። በበጋ ወራት አየሩ ደረቅ ስለሚሆን በሱፍና በናይለን ልብስ ላይ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። ሰው ንዝረቱ የሚሰማው ከ3,000 ቮልት ገደማ በላይ ሲሆን ነው፤ አይሲ ግን ከዚያ ባነሰ ሊጎዳ ይችላል። አይሲ ከመንካት በፊት ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት መንካት ይገባል።

ከሁሉ በላይ የሚፈራው መቀላቀል ነው። ሬዚስተሮች ጀርባቸው ላይ ቁጥር አላቸው፤ ለምሳሌ 103 ማለት 10 ከሦስት ዜሮ ጋር፣ 10 ኪሎኦም ነው። የሴራሚክ ካፓሲተሮች ግን ምንም ጽሑፍ የላቸውም። ሁለት ዓይነት ካፓሲተሮች ከማሸጊያቸው ወጥተው ከተቀላቀሉ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ አንዱ ዓይነት ተበይዶ ሳያልቅ የሌላው ማሸጊያ አይከፈትም።

መበየድና መለካት

ሁለት ጫፍ ያለው ክፍል እንዲህ ይበየዳል። በመጀመሪያ በአንደኛው የመዳብ ንጣፍ ላይ ጥቂት መበየጃ ይደረጋል። ክፍሉ በወረንጦ ተይዞ፣ መበየጃው እንደገና ቀልጦ፣ ክፍሉ ከጎን ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ብረቱ ይነሣል፤ ወረንጦው ግን ሁለት ሰከንድ ይቆያል። ከዚያ ሁለተኛው ጫፍ ይበየዳል። በመጨረሻም ወደ መጀመሪያው ተመልሶ በትንሽ ፍላክስ ማደስ ጥሩ ነው።

ለአይሲ የአንደኛ እግሩን ምልክት፣ ማለትም ጥርጊያውን ወይም ነጥቡን፣ ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። አሥራ ስድስት እግሮች ከተበየዱ በኋላ ተገልብጦ መገኘቱ እጅግ መራራ ነው። አንድ የጥግ እግር፣ ቀጥሎ በሰያፍ ትይዩው ያለው እግር ብቻ ይበየድና በአጉሊ መነጽር ይታያል። ሁሉም እግሮች በንጣፎቻቸው ላይ ካረፉ ፍላክስ ይቀባና የቀሩት ይበየዳሉ። በሁለት እግሮች መካከል ድልድይ ከተፈጠረ መደንገጥ አይገባም፤ የመዳቡ ሹሩባ ትርፉን ይመጠዋል።

ክፍሎቹ በሙሉ ተበይደው ካለቁ በኋላ ኃይል ሰጥቶ መሞከር ትልቅ ስሕተት ነው። የሚሻለው እንደ ሕንፃ ከመሠረቱ መጀመር ነው። አስቀድሞ የኃይል ክፍሉ ብቻ ይበየዳል። 12 ቮልቱ በ1 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ይሰጣል፤ ሾርት ቢኖር እንኳ ከ12 ሚሊአምፔር በላይ ስለማያልፍ የሚቃጠል ነገር የለም። የቮልቴጅ ማስተካከያው መውጫ 5 ቮልት ካሳየ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል።

ቀጣዩ ክሪስታሉና አካፋዩ ነው። ኦሲሎስኮፕ የሌለው ሰው 7 ሜጋኸርዝ የሚርገበገብን ሲግናል በምን ይለካዋል? በተራው መልቲሜትር! የአካፋዩ መውጫ ግማሹን ጊዜ 5 ቮልት፣ ግማሹን ጊዜ ዜሮ ነው። መልቲሜትሩ ይህን ፍጥነት መከተል ስለማይችል አማካዩን ያሳያል፤ 2.5 ቮልት ገደማ። ዜሮ ወይም 5 ካሳየ አካፋዩ ቆሟል ማለት ነው። ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ፤ የመሣሪያው ደካማነት ራሱ መለኪያ ሆኖ አገለገለ። አጭር ሞገድ የሚይዝ ተራ ሬዲዮ በአቅራቢያው ተደርጎ 7.056 ላይ ቢከፈትም ሹክሹክታው ድንገት ጸጥ ይላል፤ ከኪቱ የሚያፈተልከውን ሞገድ ስለያዘ ነው።

ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ከዚያም ማጉያው ይበየዳሉ። በእነዚህ ላይ ሲግናሉ የሚያልፍባቸው እግሮች የኃይሉን ግማሽ፣ 2.5 ቮልት፣ ማሳየት አለባቸው። በእጅ የሚጠመጠመው የቀለበት ትራንስፎርመር መጨረሻ ላይ ይገባል። በሽቦው ላይ ያለው የቀለም ሽፋን በሚገባ ካልተፋቀ መበየጃው አይዘውም፤ ከዚህ በቀር የተለየ ችግር የለውም።

እያንዳንዱ ጣቢያ ሁለት ጊዜ

የእኔ ኪት ከውጭ አገር በመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ የደረሰኝ ነበር። ትርፍ አይሲ አልነበረውም። ማብሪያ ማጥፊያውን ስበይድ ትዕግሥት አጥቼ እግሮቹን በአጉሊ መነጽር ሳላይ አለፍሁ፤ ቮልቴጁ በሁሉም እግር ላይ 2.5 ነበርና በቂ መሰለኝ።

ማታ አንቴናውን አገናኝቼ ፕሮግራሙን ስከፍት ስክሪኑ በጣቢያዎች ተሞላ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአማተሮች ዘንድ እጅግ የተስፋፋው «ኤፍቲ 8» የተባለው የዲጂታል ግንኙነት ዘዴ በ40 ሜትር ባንድ የሚገኘው 7.074 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። እዚያ በትክክል ይታያል፤ ግን ምንም ሊኖር በማይገባው 7.038 ላይም ደከም ብሎ ይታያል። ሁለቱ ከመሐሉ 7.056 እኩል 18 ኪሎኸርዝ ይርቃሉ። የሁሉም ጣቢያ ግልባጭ ከመሐሉ ማዶ ተቀምጧል። ከጥላዎቹ አንዱ ጠፍቷል ማለት ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የድምፅ ካርዱን ነበር። የብዙ ላፕቶፖች የማይክሮፎን መግቢያ አንድ መሥመር ብቻ የሚቀበል ስለሆነ ይህንኑ ምልክት ያመጣል። በግራና በቀኝ የተለያየ ድምፅ አስገብቼ ስፈትሸው ሁለቱም ተለይተው ገቡ። ካርዱ ደኅና ነው። ቀጥዬ ማጉያውን መረመርሁ፤ ቮልቴጁ ትክክል ነው። በመጨረሻ ኃይሉን አጥፍቼ የማብሪያ ማጥፊያውን እግሮች ከንጣፎቻቸው ጋር መገናኘታቸውን በመልቲሜትሩ ድምፅ ፈተሽሁ። አሥራ ስድስቱም ጮኹ። እንግዲህ አይሲው ራሱ ተበላሽቷል ብዬ ልነቅለው የመበየጃውን ብረት አጋልሁ። አሥራ ስድስት እግሮችን በአንድ ብረት መንቀል ሰሌዳውን ሊያበላሽ እንደሚችል አውቃለሁ፤ የሚተካ አይሲም የለኝም።

ያቆመኝ አንድ ቁጥር ነው። ግልባጩ ከዋናው ጋር እኩል አልነበረም፤ በ10 ዴሲቤል ገደማ ያንስ ነበር፤ ይኸውም አምፕሊቲዩዱ የዋናው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። የሁለተኛው መሥመር ጉልበት ከአንደኛው ጋር ያለውን ንጽጽር «ግ» ብንለው፣ የግልባጩ መጠን ለዋናው ሲካፈል (1 − ግ) ÷ (1 + ግ) ይሆናል። አንዱ መሥመር ፈጽሞ ሞቶ ቢሆን «ግ» ዜሮ ይሆንና ግልባጩ እኩል ይመጣ ነበር። አንድ ሦስተኛ እንዲመጣ «ግ» ግማሽ መሆን አለበት። መሥመሩ አልሞተም፤ ተከፍሏል። እያንዳንዱ መሥመር በዑደት ሁለት ጊዜ ይመገባል አላልንም? ከሁለቱ ምግቦች አንዱ አልደረሰም ማለት ነው። አይሲ በአንድ እግሩ ብቻ የሚበላሽበት አጋጣሚ አለ፤ ያልተበየደ እግር የሚያጋጥመው ግን እጅግ አብዝቶ ነው።

ታዲያ መልቲሜትሩ ለምን ጮኸ? የመልቲሜትሩ ሹል ዘንግ እግሩን ሲነካ ወደ ታች ይጫነዋል። ከንጣፉ በፀጉር ስፋት ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ እግር ሲጫኑት ይገናኛል፤ ሲለቁት ይለያያል። ቮልቴጁም አያጋልጠውም፤ እግሩ 2.5 ቮልቱን ከአይሲው ውስጥ፣ ንጣፉ ደግሞ በሌላኛው ምግብ በኩል ያገኘዋልና። ስለዚህ መልቲሜትሩን አስቀምጬ ስቴኪኒ አነሣሁ። ኪቱ እየሠራ፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል፣ እግሮቹን አንድ በአንድ በእንጨቱ ጫፍ ጫን ጫን አደረግሁ። አንደኛው ላይ ስደርስ 7.038 ላይ የነበረው ግልባጭ ጠፋ፤ ስለቀው ተመለሰ። በአጉሊ መነጽር ሳየው መበየጃው በንጣፉ ላይ ተድቦልቡሎ ያብረቀርቃል፤ እግሩ ግን ከጎኑ ቆሟል፤ አልረጠበም። አንድ ጠብታ ፍላክስና የሁለት ሰከንድ ሙቀት በቂ ሆነ።

ግልባጩ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሊጠፋም አይችልም። የሁለቱ መሥመሮች ሬዚስተሮች በአንድ ከመቶ ቢለያዩ «ግ» 0.99 ይሆንና ከላይ ባለው ቀመር ግልባጩ ከዋናው 199 ጊዜ ያንሳል፤ 46 ዴሲቤል ማለት ነው። ብርቱ ጣቢያ ሲመጣ ይህም ይታያል። የቀረውን ልዩነት የሚያስተካክለው ፕሮግራሙ ነው፦ ብርቱ ጣቢያ ተመርጦ፣ የጉልበትና የፌዝ ማስተካከያዎቹ በተራ እየተነካኩ፣ ግልባጩ እስኪደክም ድረስ ይሞከራል። ይህን የሚያደርግ ሰው ኪቱ እስኪሞቅ ሩብ ሰዓት ያህል ቢጠብቅ ይሻላል፤ አለዚያ ያስተካከለው ሁሉ ቀስ በቀስ ይዛባበታል።